ጌም የሚያስተምረው ስለሚያዝናና አይደለም

ስለ ቪዲዮ ጌም ሲነሳ «ልጆቹን አደነዘዘብን» የሚለው እሮሮ ዛሬም አለ። በመምህራን ሥልጠናና በትምህርት መተግበሪያ ሻጮች ዘንድ የገነነው ግን ተቃራኒው ነው፤ «ተማሪ ጨዋታ ይወዳል፤ ትምህርቱ ላይ ነጥብ፣ ኮከብና ደረጃ ጨምሩበት፣ ሳይታወቀው ይማራል» የሚለው። ምላሼ ለዚህኛው ነው። የዚህ ጎራ ሰዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት ምሁር ጄምስ ፖል ጂ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ ያተኮረው ጌም ቀላልና አስደሳች በመሆኑ ላይ አይደለም። ጥሩ ጌም ከባድና ረጅም ሆኖ ሳለ ተጫዋቹ የማይተወው ለምንድን ነው ብሎ ነው የጠየቀው።

ለዚህ የተሻለው ማስረጃ የተመራማሪው የከርት ስኳየር ጥናት ይመስለኛል። ስኳየር «ሲቪላይዜሽን 3» የተሰኘውን ጌም ይዞ አሜሪካ ውስጥ አንድ የዓለም ታሪክ ክፍል ገባ። በጌሙ ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት ጀምሮ አንድ ሥልጣኔ ይመራል፤ ከተማ ይቆረቁራል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል። ተማሪዎቹ በደስታ ይፈነድቃሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ያፍራል። ሩብ ያህሉ «ከባድ ነው፣ ምን ይሠራልናል?» ብለው ጌሙን ትተው ወደ ንባብ ቡድን ሄዱ። ጌሙ የሳባቸው በተለይ ከመደበኛው ትምህርት ጋር ያልተስማሙት ነበሩ፤ ጎበዝ የሚባሉት ለፈተናቸው ተጨነቁ። (ይህን የመጨረሻውን ነጥብ የኛ አገር መምህር ሳይነገረው ያውቀዋል።)

የቀሩትን ያስተማራቸውስ? መሸነፍ። ያለሙት ሥልጣኔ ደጋግሞ ሲፈርስባቸው ነው ካርታ ማየት፣ ማገላበጥ፣ የመሬት አቀማመጥና የተፈጥሮ ሀብት አንዱን ሕዝብ ለምን እንዳበረታው መጠየቅ የጀመሩት። ነጥብና ኮከብ እዚህ ቦታ የላቸውም። ትምህርቱ የተገኘው «ለምን ተሸነፍኩ?» ከሚለው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን ወደ ታሪክ የመለሰው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አስተማሪ እንጂ ጌሙ ብቻውን አይደለም።

«ገበጣ ሒሳብ ያስተምራል» የሚለውን የኛኑ አባባልም በዚሁ ዓይን አየዋለሁ። ጥሩ ገበጣ ተጫዋች እጁን ከመስደዱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ቆጥሮ ጨርሷል። ያ ቆጠራ ግን በራሱ ጊዜ ተነስቶ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አይወጣም፤ «ይህን ጉድጓድ ለምን መረጥክ?» የሚል ሰው ይፈልጋል። ገበጣ ከቪዲዮ ጌም የሚበልጥበት አንድ ነገርም አለ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ ከተለያየ ሰፈር የመጡ ሁለት ልጆች ከመጫወታቸው በፊት በሕጉ መከራከር አለባቸው። ቪዲዮ ጌም ላይ ሕጉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተዘግቶ ይመጣል። መስፋፋትን እንደ ብልጽግና የሚቆጥር ጌም ተጫዋቹን አያማክረውም። ይህን ሕግ ማን ጻፈው፣ ማንን ጠቀመ ብሎ ያልጠየቀ ተማሪ የተማረው ማሸነፍን ብቻ ነው።

«ለሰማንያ ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር ባለበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ግን አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ዶን ራዊች የተባለ ተለማማጅ የታሪክ መምህር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሠፋሪዎችን የምዕራብ ጉዞ የሚያስመስለውን «ኦሪገን ትሬይል» የተሰኘ ጌም ወደ ክፍል ሲያስገባ የነበረው ሥዕል የማያሳይ፣ ወረቀት ላይ የሚያትም አንድ ቴሌታይፕ ነበር። አደን የሚታደነው የተኩስ ድምፅ የሆነችውን ቃል ፈጥኖ በመጻፍ ነበር። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ሥራ ተከፋፈሉ፤ እጁ የፈጠነው ይጽፋል፣ ሒሳብ የሚሆንለት ስንቁን ይቆጣጠራል፣ ሌላው ካርታ ይከታተላል፣ ውሳኔው ላይ ሁሉም ይጨቃጨቃሉ። ራዊች በኋላ የሠፋሪዎችን ማስታወሻዎች አገላብጦ የበሽታውንና የአደጋውን ዕድል ከታሪኩ ጋር አቀራርቦ አስተካከለ። የመሬቱ ባለቤቶች የነበሩት ሕዝቦች ስለዚያው ጉዞ ምን እንደሚሉ ግን ማስታወሻዎቹ አይነግሩንም፤ ያን ጥያቄ ማንሳት ያለበት ቴሌታይፑ አጠገብ የቆመው መምህር ነው።