የዓባይን ድንጋይ እናንብብ

እኛ የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ልጆች ዓባይን የምናውቀው ከጎጃም የሚለየን ወሰን መሆኑን ብቻ ነው። ይኸው ወንዝ ግን ወደ ላይ፣ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ የጥንት ባሕር ወለል ቆርጦ አሳይቷል። በዚያ የኖራ ድንጋይ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ፣ ፎራሚኒፌራ የተባሉ ፍጥረታት ዛጎል አለ፤ ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ነው።

የእነዚህ ዘመዶች ትልቅ ምስክርነት ሰጥተዋል። ቱኒዚያ፣ ኤል ከፍ ላይ፣ ዳይኖሰሮች ከጠፉበት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረው ጥፋት በታች ባለው ንብርብር ሞልተው ይገኛሉ፤ ከበላዩ ግን በባሕር ላይ ይንሳፈፉ የነበሩት ዓይነቶች አብዛኞቹ የሉም።

እኛስ? የዓባይን ድንጋይ ወገን ሙገር ላይ ለሲሚንቶ እንፈጫለን፤ ለፈተና ግን የሌላ አገር ድንጋይ ስም እንሸመድዳለን። ወገኖች፣ የሚያስፈልገን አንድ መዶሻ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና የጥቂት ቀን ጉዞ ነው። ማኅበራችን ይህን ይጠይቅልን። ያላነበብነውን አገር እናውቃለን ማለት ያሳፍራል።