ዘለበቱ የማን ወገብ ላይ ነበር?

በቨርጂኒያ ወይም በጆርጂያ ገጠር አንድ ሰው የብረት መፈለጊያ መሣሪያውን በታረሰ መሬት ላይ እያወዛወዘ ሲሄድ መሣሪያው ይጮኻል። ሰውየው ተንበርክኮ አንድ ስንዝር ያህል ይቆፍራል፤ ከአፈሩም ውስጥ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ሞላላ ናስ ብቅ ይላል። በጣቱ ጠራርጎ ሲያየው «ዩ» እና «ኤስ» የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጎልተው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የፌዴራሉ መንግሥት ለወታደሮቹ ያደለው የቀበቶ ዘለበት ነው። ሰውየው ዘለበቱን በኪሱ ይከታል፤ ጉድጓዱን ይደፍናል፤ ወደ ቤቱም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ለዐዋቂዎች የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ «ይህ ምንድን ነው?» እና «ስንት ያወጣል?»

«የማን ነበር?» የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ አይነሣም። ቢነሣም መልስ አያገኝም፤ ለዚህ ጥያቄ ሊመሰክር የሚችለው ጉድጓዱ ነበርና፣ እሱ ደግሞ ተደፍኗል።

እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ንቀት የሚገባው አይደለም። ዘለበትን ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው፤ ይህንንም ዕውቀት በማዳበር ረገድ ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ያበረከቱት ድርሻ ከፍተኛ መሆኑ ሊካድ አይገባም። ሞላላው ዘለበት በ1839 በወጣው የሠራዊቱ ንድፍ መሠረት የተሠራ ነው። ስስ የናስ ዝርግ በማተሚያ ተጨፍልቆ ፊደላቱ ወደ ፊት እንዲያብጡ ይደረጋል፤ ከበስተጀርባ የሚቀረው ጎድጓዳም በቀለጠ እርሳስ ይሞላና ማያያዣዎቹ ይተከሉበታል። ፊቱን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ይኸው ሞላላ ናስ በወገብ ቀበቶ ላይም፣ በጥይት ኮሮጆ ክዳን ላይም ይውል ነበር። ልዩነቱ የሚታየው ገልበጥ ሲያደርጉት ነው። የቀበቶው ቆዳውን የሚይዙ ጉጦችና ቆልማማ ምላስ ሲኖሩት፣ የኮሮጆው ሁለት የሽቦ ቀለበቶች አሉት። በትከሻ ጠፍር ላይ ይውል የነበረው ደግሞ ክብ ሆኖ ንስር ተቀርጾበታል። በ1864 የወጣው የኮሮጆ ንድፍ ናሱን አስቀርቶ ፊደላቱ በክዳኑ ቆዳ ላይ እንዲታተሙ አደረገ። በአንዳንድ ዘለበቶች ጀርባ የሠሪው ስም ይነበባል፤ በማሳቹሴትስ ግዛት በቺኮፒ ከተማ የነበረው የኤመርሰን ጌይሎርድ ፋብሪካ ከእነዚህ አንዱ ነው።

በደቡብ የነበረው የባሪያ አሳዳሪዎች ሠራዊት ዘለበት በአንጻሩ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ወፍራም ናስ ነው፤ «ሲ ኤስ» ወይም «ሲ ኤስ ኤ» የሚል ጽሑፍ ይታይበታል። ደቡቡ የብረታ ብረትና የፋብሪካ እጥረት ስለነበረበት ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ምንም ፊደል የሌለበት ተራ ማንጠልጠያ ይታጠቁ ነበር። ከወደቀ ወይም ከተማረከ የሰሜን ወታደር ወገብ ላይ የተፈታ ቀበቶ የታጠቁም ነበሩ።

እንግዲህ ነገሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። ፊደላቱ መንግሥትን ይናገራሉ እንጂ ሰውን አይናገሩም። ዘለበቱ ተጥሎ የተገኘው በማን ሰፈር እንደሆነ ካልታወቀ፣ የታጠቀው ሰው ከየትኛው ወገን እንደነበረ እንኳ ማረጋገጥ አይቻልም።

ከዚህም የባሰ አለ። የጦር ሚኒስቴሩ በሜይ 1863 የጥቁር ወታደሮችን ሬጅመንቶች የሚያደራጅ ቢሮ አቋቋመ። ጦርነቱ እስኪያበቃ 180,000 ያህል ጥቁሮች በምድር ጦሩ ተሰለፉ፤ ብዙዎቹም ትናንት በገበያ የሚሸጡና የሚለወጡ ባሮች ነበሩ። ወደ 40,000 የሚጠጉት ሞቱ፤ ከሟቾቹ አብዛኛዎቹን የጨረሳቸው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነው። ነጩ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲቀበል ለጥቁሩ የተመደበለት 10 ዶላር ነበር፤ ከዚያችም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቀነስበታል። ኮንግሬስ ይህን አድልዎ ለማስተካከል ሕግ ያወጣው በጁን 1864 ነው። ዘለበቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነበር። ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ እሱም ከባርነት ያመለጠ ሰው፣ በጁላይ 6 ቀን 1863 በፊላዴልፊያ ጥቁሮች እንዲዘምቱ ሲቀሰቅስ የተናገረው ይህንኑ ነው። ጥቁር ሰው እነዚያን ሁለት የናስ ፊደላት አንድ ጊዜ በአካሉ ላይ ካደረገ፣ ንስሩን በቁልፉ ላይ ጠመንጃውንም በትከሻው ላይ ከያዘ፣ የዜግነት መብቱን ሊክድበት የሚችል ምድራዊ ኃይል እንደማይኖር አስረድቷል። ለዳግላስ ዘለበቱ ጌጥ አልነበረም፤ የክርክር ማስረጃ ነበር።

ይህ ማስረጃ ዛሬ በገበያ ላይ እንዴት እንደሚመዘን ማየት ያስፈልጋል። ባርነትን ለማቆየት የተዋጋው ሠራዊት ዘለበት፣ ባርነትን የሰበረው ሠራዊት ከታጠቀው በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ነጋዴው ምክንያቱን ሲጠየቅ «የደቡቡ ጥቂት ስለሆነ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከአንድ የእርሻ መሬት የወጣውና ባለቤቱ የትናንት ባሪያ መሆኑ በቦታው የተረጋገጠ ዘለበትስ ስንት አለ? እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ይህ ጥቂትነት በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ምክንያቱም ነጋዴው የሚያውቀው በእጅ የሚዳሰሰውን ብርቅ ብቻ ነው። የጥቁሩ ወታደር ዘለበት ከነጩ ዘለበት በምንም አይለይም፤ የሚለየው የወደቀበት አፈር ብቻ ነው። በቨርጂኒያ በኒው ማርኬት ሃይትስ ጥቁር ሬጅመንቶች በሴፕቴምበር 29 ቀን 1864 ምሽግ ሰብረው ገብተዋል፤ በዚያ ውጊያ ለፈጸሙት ጀግንነት 14 ጥቁር ወታደሮች የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሸልመዋል። ከዚያ መሬት በድብቅ የወጣ ዘለበት በሽያጭ ጠረጴዛ ላይ «ቨርጂኒያ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ሲቀመጥ፣ የዳግላስ ማስረጃ ከመዝገቡ ተቀደደ ማለት ነው።

ዋጋ ባለበት ሁሉ ሐሰተኛ መከተሉ የታወቀ ነው። አስመሳይ ዘለበቶች ይፈስሳሉ፤ በኬሚካል አረንጓዴ እንዲሆኑ ይደረጋሉ። ይህ እንኳ ያልበቃቸው አጭበርባሪዎች የድሮ አሜሪካን ዘለበቶች አስመስለው ሠርተው፣ ትክክለኛነታቸውን የሚመሰክር መጽሐፍ ጭምር አሳትመዋል፤ በመጽሐፉም ላይ 1950 የታተመ ነው የሚል ሐሰተኛ ዓመተ ምሕረት አስፍረዋል። ማጭበርበሩን በ1973 ባወጣው ጽሑፍ ያጋለጠው ደንከን ካምቤል የተባለ የዘለበት ተመራማሪ ነው። ሐሰተኛ መጽሐፍ ሊጻፍላቸው የቻለውም እውነተኛዎቹ ራሳቸው ያለ ቦታና ያለ ቀን እየተሸጡ ገዢው መነሻቸውን አለመጠየቅ ስለ ለመደ ነው።

ቆፋሪዎቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ አላቸው። «ባላወጣው ኖሮ ማረሻ ይሰብረው፣ ማዳበሪያ ይበላው ነበር» ይላሉ። በታረሰ መሬት ላይ ይህ አባባል እውነትነት አለው። በሠሪው ላይ የሚመለስበት ግን እዚሁ ነው። ማዳን ከሆነ፣ የዳነው ምን እንደሆነ መጻፍ ይገባው ነበር። እርሳስና ወረቀት ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ አጠገቡ የተገኘው ሁሉ ይመዘገባል። ሳይተኮስ የወደቀ ጥይት ወታደሩ የቆመበትን ወይም የሰፈረበትን ቦታ ይጠቁማል፤ የተጨፈለቀ ጥይት ደግሞ የተተኮሰበትን። ከዘለበቱ አጠገብ የድንኳን ሚስማርና የጠርሙስ ስባሪ ካለ ሰፈር ነው፤ አጥንት ካለ ነገሩ ሌላ ነው። በሽቦ ብሩሽና በአሲድ የማጠቡ ልማድም ሊወገዝ ይገባዋል። ያ አረንጓዴ ዝገት የቆዳውንና የጨርቁን ቃጫ ለመቶ ዓመታት ጠብቆ ያቆይ ይሆናል፤ ሰውየው ግን እንዲያብረቀርቅለት ብሎ ፍቆ ይጥለዋል።

በሌላ በኩል መሣሪያውን ራሱን የሚያወግዙ ሊቃውንትም ተሳስተዋል። የቅርስ ፈላጊዎቹ የመጀመሪያ መሣሪያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የፈንጂ መፈለጊያ ነበር፤ ሕይወት ለማዳን የተሠራ ነገር ቅርስ ለማዳንም ይሆናል። በሞንታና ግዛት በሊትል ቢግሆርን፣ ጄኔራል ከስተር በ1876 ከነወታደሮቹ ያለቀበት ሜዳ በኦገስት 1983 በሰደድ እሳት ሣሩ ተቃጠለ። በ1984 እና በ1985 የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችና ብረት ፈላጊ ፈቃደኞች ተሰልፈው ሜዳውን አሰሱት። መሣሪያው በጮኸበት ሁሉ ትንሽ ባንዲራ ተተከለ፤ ቦታው ሳይለካ የተነሣ ነገር አልነበረም። በቀለሃዎቹ ላይ የቀረውን የመርፌ ምልክት በማነጻጸር አንድ ጠመንጃ በሜዳው ላይ ከየት ወዴት እንደ ተንቀሳቀሰ ለመከተል ተቻለ። ገዢዎቹ «እርስ በርሱ የሚጋጭ ወሬ» እያሉ ለመቶ ዓመታት ያጣጣሉት የላኮታና የሻየን ተዋጊዎች ቃልም ከመሬቱ ምስክርነት ጋር በብዙው ተስማማ። ይህን ያደረገው እዚያው በገበሬ ማሳ ላይ የሚጮኸው ዓይነት መሣሪያ ነው።

በ1979 የወጣው የአሜሪካ የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። በግል መሬት ላይ ግን ባለ መሬቱ ከፈቀደ ቆፋሪው የሚጠየቀው በኅሊናው ነው። ኅሊና ያላቸው ቆፋሪዎች አለመጥፋታቸውን ፎሊ ደሴት ያሳያል። በ1987 በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ በዚያች ደሴት ላይ ቅርስ ፈላጊዎች የሰው አጥንት አገኙ፤ ጉዳዩም ለግዛቱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ደረሰ። በተደረገው ቁፋሮ 19 መቃብሮች ተገኙ። የዩኒፎርም ቁልፎቹ፣ የአጥንቶቹ ምርመራ፣ የመቃብሮቹ ሥፍራና በጽሑፍ የተረፉት የጦር ሰነዶች አንድ ላይ ሲነበቡ፣ ሟቾቹ በ1863 እና በ1864 ቻርልስተንን ለመክበብ በደሴቲቱ ሰፍረው ከነበሩት ጥቁር ሬጅመንቶች፣ ማለትም ከ55ኛው ማሳቹሴትስና ከ1ኛው የሰሜን ካሮላይና ጥቁር ፈቃደኞች የሆኑ ወታደሮች መሆናቸው ታወቀ። የ55ኛው ወታደሮች ከነጮቹ ያነሰውን ደመወዝ አንቀበልም ብለው ያለ ክፍያ ሲያገለግሉ የቆዩ ናቸው። አንዱ ቁልፍ በአንዱ ኪስ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በገበያ ላይ የጥቂት ዶላር ዕቃ ይሆን ነበር። በሜይ 1989 ግን አሥራ ዘጠኙም በቦፎርት ብሔራዊ የመቃብር ሥፍራ በሙሉ ወታደራዊ ክብር ዐረፉ።