ሶላት የሚሰግድ ገጸ ባሕርይ



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማታ ከኢሻ በኋላ ስልኬ ላይ ልብ ወለድ ሳነብ አንድ የዶርም ወንድሜ አገኘኝ። «ያልሆነን ነገር ሆነ ብሎ መጻፍ ውሸት አይደለም? ደግሞስ በዚህ ሰዓት ቁርኣን ብትቀራ አይሻልም?» አለኝ። ሁለተኛው ጥያቄ አሳፍሮኛል፤ መልስም የለኝም። የመጀመሪያው ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ሳነበው የነበረው የለይላ አቡልዓላን «ሚናሬት» ነው። ለይላ ካርቱም ያደገች ሱዳናዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ ገብታ መጻፍ የጀመረችው እዚያ ነው። የኬይን ሽልማት በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የወሰደችው እሷ ናት። የ«ሚናሬት» ባለታሪክ ነጅዋ የካርቱም ባለሥልጣን ልጅ ነበረች። መፈንቅለ መንግሥት መጣ፣ አባቷ ተገደለ፣ ቤተሰቡ ለንደን ተሰደደ። ቤቷ ሠራተኛ የነበራት ልጅ በመጨረሻ ራሷ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። ዕረፍት ያገኘችው መስጂድ ከሚመጡ ሴቶች መሃል ነው።

የገረመኝ ሂጃብ ከለበሰች በኋላ ያለው ነው። ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ነጅዋ አሁንም ትወዳለች፣ ትሳሳታለች፣ የድሮ ኑሮዋ ይናፍቃታል። ኢማን ይጨምራል፣ ይቀንሳል ብለው ኡስታዞቻችን አስተምረውናል። እዚህ ግን ሲጨምርና ሲቀንስ አየሁት።

ለምን እንደነካኝ ልንገራችሁ። ቡታጅራ ሳለሁ ለሱብሒ በር እያንኳኳች የምታስነሳኝ እናቴ ነበረች። ወልቂጤ ስመጣ የሚያንኳኳ ጠፋ። አንደኛ ዓመት ላይ ሁለት ወር ያህል ሱብሒን የሰገድኩት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ሱብሒ ትሩፋት ደዕዋ ሲደረግ ከኋላ ተቀምጬ አንገቴን እደፋ ነበር። ደዕዋው ትክክል ነበር። እኔ የጎደለኝ «ይሄ በኔም ደርሷል» የሚል ሰው ነው።

ወንድሜ ሱረቱ ሹዐራን ጠቀሰልኝ። ምዕራፉ ባለቅኔዎችን ይወቅሳል፤ ያመኑትንና መልካም የሠሩትን ግን ለይቶ ያወጣቸዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሐሳን ኢብኑ ሳቢት ግጥም የሚልበት ሚንበር መስጂዳቸው ውስጥ አቁመውለታል። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርም ወሎ ላይ አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ ደርሰዋል። ልብ ወለድ ግን ግጥም አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሆኖም ፈጠራ መሆኑን አንባቢው አውቆ የሚያነበው ታሪክ ማንን ያታልላል? ፈትዋ የኔ ድርሻ ስላልሆነ ከዚህ አላልፍም።

የጉራጌ አገር በልብ ወለድ ሲጻፍ የመጀመሪያው አይሆንም። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሺነጋን መንደር ታሪክ በቸሃ ጽፎ፣ ቮልፍ ሌስላው ተርጉሞት በ1964 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ከአረፋ በፊት ያለውን ሳምንት የጻፈ ልብ ወለድ ግን እኔን አላጋጠመኝም። ዓመቱን ሙሉ መርካቶ ባንኮኒ ጀርባ የቆመ፣ አንዋር መስጂድ እየሮጠ ሰግዶ ወደ ደንበኛው የሚመለስ አባት፣ ሱቁን ዘግቶ፣ የልጆቹን ልብስ በፌስታል ይዞ መኪና ሲሳፈር ምን ያስባል? ትርፉን? ያልከፈለውን ዘካ? ልጆቹ ምን ያህል እንዳደጉ? ስንቶቻችን የዚህ ሰው ልጆች ነን!

ስለዚህ ለጀማዓችን አዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። የዚህ ጽሑፍ መድረካችን የመጨረሻ ገጽ ለአጭር ታሪክና ለግጥም ይሰጥ (የጥያቄና መልስ ውድድሩን የምትወዱ ዐውፍ በሉኝ)። ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት አንድ ኡስታዝ ይየው፤ ችግር የለም። ነገር ግን ባለታሪኩ ሁሉ በመጨረሻው አንቀጽ ቶብቶ፣ አልቅሶ፣ መስጂድ ገብቶ እንዲያልቅ አናስገድድ። አንዳንዱ ሱብሒ ያመለጠው ሆኖ ይቅር።

እኔ አንዱን ጀምሬያለሁ። ከመርካቶ ለአረፋ የመጣ አባት ቡታጅራ መናኸሪያ ይወርዳል፤ ልትቀበለው የመጣችው ልጁ ግን እጁን አትጨብጥም። ሦስት ገጽ ደርሻለሁ፤ ለምን እንደተቆጣችው ገና አላወቅኩም።