የበዓል ማግስትና የሥራ ሰዓት

የጥምቀት ሰሞን በባሕር ዳር ምን እንደሚመስል ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያሻንም። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ሕዝቡም በማኅሌትና በዝማሬ ያድራል፤ በየቤቱ ጠላው ተጠምቆ፥ ጠጁ ተጥሎ፥ ዘመድ ከሩቅም ከቅርብም ተሰብስቦ ይሰነብታል። ይሁን እንጂ የመንግሥት የዕረፍት ቀን ጥር 11 ብቻ ስለ ሆነ፥ በ12 ቀን ጧት፥ ይኸውም በቃና ዘገሊላ ዕለት፥ ዓይኑ ቀልቶ፥ ከንፈሩ ደርቆ፥ ራሱን በሁለት እጁ ደግፎ ከጠረጴዛው ፊት የሚቀመጥ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ አይታጣም። ይህን ሕመም ሕዝባችን ዞረ ድምር ብሎ ሰይሞታል። ስሙ የተገባ ነው፤ የማታው ሒሳብ ዞሮ፥ ተደምሮ፥ በማግስቱ ይጠየቃልና። የሥራ ባልደረቦች ይሥቁበታል፤ በቤት ያለችው ባለቤት ግን ስትሥቅበት አላየንም።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥን በራሱ ርኩስ ነው ብላ አላስተማረችም። ጌታችን በቃና ውኃውን የወይን ጠጅ ያደረገው በሠርግ ቤት ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ድካም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል፤ የጽዋ ማኅበሮቻችንም በዳቦና በጠላ ይዘከራሉ። የተከለከለው ስካር ነው፤ ይኸው ሐዋርያ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ በ18ኛው ቁጥር ላይ ይህን በግልጥ አስቀምጦታል። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ብዙው ሰው ስካርን የማታ ነገር ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ ራስ ምታት ብቻ የቀረው ይመስለዋል። እስቲ ሒሳቡን እናስላ።

አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ጠርሙስ፥ የአልኮሉ መጠን ከመቶ 5 ቢሆን፥ 13 ግራም ያህል አልኮል ይይዛል። ጉበት በሰዓት የሚያጣራው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ሰውየው ቢቸኩልም ባይቸኩልም ጉበቱ አይቸኩልም። እንግዲህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት 8 ጠርሙስ የጠጣ ሰው 104 ግራም አልኮል ወደ ሰውነቱ አስገብቷል። ጉበቱ ብርቱ ከሆነ ሥራውን ከ10 ሰዓት በኋላ ሊጨርስ ነው፤ ደካማ ከሆነ ግን 15 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ይህም ማለት እስከ ማግስቱ ጧት 4 ሰዓት ነው። የሥራ ሰዓት የሚጀምረው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ፥ ይህ ሰው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው መጠጡ ገና ከደሙ ሳይወጣ ነው። ጠላ ከመቶ ከ2 እስከ 6 ስለሚደርስ ነገሩ እንደ ጠማቂዋ እጅ ይለያያል፤ አረቄ ግን ከዚህ ሁሉ የበረታ ስለ ሆነ በጥቂት መለኪያ ያንኑ ያህል ይጭናል።

አልኮሉ ከወጣም በኋላ ሕመሙ አይለቅም፤ እንዲያውም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። መጠጥ ኩላሊት ውኃ እንዲይዝ የሚያዘውን የሰውነት ቅመም ስለሚገታ፥ ሰውየው ከጠጣው በላይ ሲያፈስ ያድራል፤ አፍ መድረቁና ጥማቱ ከዚህ ነው። ጉበት አልኮሉን ሲለውጥ አሴታልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ነገር በመካከል ይወጣል። ጨጓራ ይቈስላል፤ የደም ስኳር ይወርዳል። እንቅልፉም የእንቅልፍ ስም ብቻ ያለው ነው፤ ቶሎ ያስተኛና ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ እየሰባበረ ያቃዣል። በዚህ ላይ ጥናቶች እንዳረጋገጡት የሰው ንቃተ ልቡናና የእጁ ፍጥነት በማግስቱም ቢሆን ይቀንሳል።

ስለ መድኃኒቱ ሲነገር ከጣና ማዶ ያለችውን ዘጌን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በገዳማውያኑ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት፥ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ሦስት ተክሎች፥ ቡና፥ ጌሾና ሎሚ፥ እንደ በቀሉ ይነገራል፤ ስለዚሁም ቃል ኪዳን በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ ኖሯል። ቀልድ የሚወድ ሰው ሕመሙም መድኃኒቱም ከአንድ በትር ወጡ ይል ይሆናል፤ ጌሾው ለጠላው፥ ቡናውና ሎሚው ለማግስቱ ናቸውና። እኛ ግን ቡናውንም ሎሚውንም ከልካቸው በላይ ማመስገን አንወድም። ቡና እንቅልፍን ያባርራል፤ ዘወትር ለሚጠጣውም ሰው ማጣቱ ሌላ ራስ ምታት ይጨምርበታል፤ አልኮሉን ግን ከደም ውስጥ አያወጣም፤ በባዶ ሆድ ሲጠጣም የቈሰለውን ጨጓራ ያናድዳል። የሎሚ ውኃ የሚጠቅመው በውኃው ነው፤ ሎሚው ሲበዛ ለጨጓራ አይመችም።

ከሁሉ የሚከፋው ጧት አንድ መለኪያ አረቄ ደግሞ ሕመሙን ማባረር የሚሉት ልማድ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል የሚያሽለው ይመስላል፤ ሕመሙን ወደ ከሰዓት በኋላ ማዘዋወር እንጂ ማዳን አይደለም፤ ደጋግመው ያደረጉትንም ሰዎች ወደ ባሰ ነገር መርቷቸዋል። እጁ ጧት ጧት የሚንቀጠቀጥ፥ ሳይጠጣ ላብ ላብ የሚለው ሰው ከማግስት ሕመም አልፎ ወደ ሱስ ደዌ ገብቷል። እንዲህ ያለው ሰው በድንገት ብቻውን ማቋረጥ እንኳ አደጋ ስለሚያመጣበት፥ ወደ ጸበሉና ወደ ንስሐ አባቱ ሲሄድ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል መሄድን ጨምሮ ነው። አንዱ ለሌላው ተቃራኒ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውኃ ቀስ እያሉ መጠጣት፤ ቀለል ያለ ምግብ መቅመስ፤ ተልባ፥ አጥሚት፥ የአብሽ ውኃ ሆድን ያለሰልሳሉ። የጾም ቀን ካልሆነ መረቅ ጨውና ውኃ ስለሚመልስ ጥሩ ነው፤ ማግስቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ግን ተልባው ይበቃል። (ከእኩለ ሌሊት ወዲያ የተጠጣው ጽዋ የጾሙን ቀን እንደ ነካ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ አይከፋም።) ለራስ ምታት ክኒን የሚውጥ ሰው ይጠንቀቅ፤ ፓራሲታሞል ብዙ መጠጥ ያደከመውን ጉበት ሊጎዳ ይችላል፥ አስፕሪንም ጨጓራን ያቈስላል። ደም የሚያስታውክ፥ የሚያንቀጠቅጠው፥ ወይም ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ሰው ካለ ይተኛበት ሳይባል በቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከዚህ የቀረውን የሚያድነው ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቁሞባት፥ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፍቶባት በሰዓት የምትሠራ ከተማ ሆነች። ገበሬው የበዓሉን ማግስት በዛፍ ጥላ ሥር ሊያሳልፈው ይችል ነበር፤ የሽመና ማሽን ግን የማንንም ዓይን መቅላት አይጠብቅም። በሐይቁም ላይ እንዲሁ ነው፤ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ በደንገል ታንኳ የሚመጣውም ሆነ መንገደኛ የሚያሻግረው የሞተር ጀልባ ነጂ፥ ነፋስ ሲነሣበት የሚተማመነው በዓይኑና በክንዱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲያሰናብተው ይፈቅዳል። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው፤ አካሉንና አእምሮውን መቈጣጠር እስኪሳነው ድረስ ሰክሮ ወደ ሥራ የገባ ሠራተኛ ጉዳት ቢደርስበት፥ ጉዳቱን በገዛ ፈቃዱ እንዳደረሰው ይቈጠርበታል፤ አሠሪውም ኀላፊ አይሆንም። እጁን ማሽን የወሰደበት አባወራ ካሣውን ሲያጣ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ አንባቢ ያስብበት።

ስለዚህ ሥራው ማሽን፥ መሪ ወይም ጀልባ የሆነ ሰው በዚያን ዕለት ጧት ለአለቃው እውነቱን ነግሮ ሌላ ሥራ ቢለምን ወይም ከዓመት ዕረፍቱ አንድ ቀን ቢጠይቅ፥ ጥቂት ቢያፍርም ይሻለዋል። በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ይተኛል፤ ባለቤቱ ስልኩን አንሥታ ወባ ይዞታል ትላለች፤ ልጆቹም በአጠገቧ ቆመው ይሰማሉ። ኀጢአቱ የእርሱ ሲሆን ሐሰቱን የተናገረችው እርስዋ ሆነች። በማግስቱ ደግሞ ልጁ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ቀርቶ ራሴን አሞኝ ነበር ቢል፥ አባቱ በምን አፉ ይገሥጸዋል? እኅቶቻችን ሆይ፥ ስልኩን ለራሱ ስጡት፤ ድምፁ ቢጎረንንም ራሱ ይናገር።

በመጨረሻም ለባለ ድግሶቹ አንድ ነገር እንላለን። እንግዳን በሞቴ እያሉ ማስጠጣት የደግነት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ እምቢ ያለውም እንደ ኩሩ ይታያል። ደግነቱን እንወደዋለን፤ ነገር ግን የሰው ማግስት የእኛ አይደለም። በሞቴ የሚባለው ለጉርሻው ይሁን፤ ከጽዋው በፊት ምግቡ ይቅረብ፤ በየመካከሉ ውኃ ይቀዳ። እናቶቻችን ጠጅ ሲጥሉ ከዚያው ማር ጥቂት ቀንሰው ያልፈላ ብርዝ የሚያዘጋጁት ለሕፃናት ብቻ አልነበረም። ዘንድሮ ለቃና ዘገሊላ የሚደግስ ቤት ሁለት ማሰሮ ብርዝ ጨምሮ ቢያዘጋጅ፥ በማግስቱ ጧት ሥራ የሚገባው እንግዳ ሳይለምን ይቀዳለት።