የቡና መግዣ ገንዘብ ሲልቨር አይገዛበትም

ዛሬ ከቡናና ከእህል ወጣ ብዬ ስለ ሲልቨር ላውራ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጥያቄው በዝቷል። አንድ የማውቀው አቅራቢማ ለእሸት ቡና መግዣ ከያዘው ገንዘብ «ግማሹን ሲልቨር ብገዛበትስ?» አለኝ። መነሻው አንድ ቪዲዮ ነው፤ «የኤሌክትሪክ መኪና ያለ ሲልቨር ፔስት አይሠራም፣ ዋጋው ገና ይተኮሳል» ይላል።

ውሸት ነው አልልም፤ ግን የተነገረው ግማሹ ነው።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ መኪናው ውስጥ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ቺፖች አሉ። ከሥራቸው ካለው መዳብ ጋር መጣበቅ አለባቸው። የተለመደው የቆርቆሮ ብየዳ 220 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ አዲሶቹ ቺፖች ደግሞ በጣም ይግላሉ። ሲልቨር የሚቀልጠው 962 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ሙቀቱን ይችላል። ችግሩ፣ በዚያ እሳት ይቅለጥ ቢባል ቺፑም አብሮ ያልቃል። መፍትሔው ማድቀቅ ሆነ፤ ከፀጉር ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ እስኪያንስ ድረስ። ቡና በፍሬው ብናፈላው እና ወቅጠን ብናፈላው አንድ አይደለም አይደል? ሲልቨርም ሲደቅ ገላው ይሰፋል፤ ሳይቀልጥ በ250 ዲግሪ፣ ከዚያም በታች እርስ በርሱ ይያያዛል። አንዴ ከተያያዘ ግን መልሶ ለማቅለጥ ያው 962 ዲግሪ ይፈልጋል። ጎበዝ ሥራ ነው!

አሁን ወደ ሒሳቡ። 5 ሚሊ በ5 ሚሊ የሆነ ቺፕ ሥር 0.05 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲልቨር 13 ሚሊግራም ገደማ ነው። በአንድ መኪና 50 ቺፕ ብንል እንኳ አንድ ግራም አይሞላም። ሲልቨር በመኪናው ሌላም ቦታ ይገባል፣ በሶላር ፓነል ደግሞ ብዙ ይሄዳል። ለዋጋው ግን ይቺ ማጣበቂያ ብቻዋን ምን ታህል ናት?

ሌላው፣ ፋብሪካ ለሲልቨር ፍቅር የለውም። በኪሎ ሲታሰብ መዳብ ከሲልቨር በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ቶሎ ስለሚዝግ ሥራው ቢከብድም የመዳብ ፔስት እየመጣ ነው። ይሄን እኛ እናውቀዋለን፤ በ2025 የካቲት አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ቆይዎች ሮቡስታውን አልተመለከቱም?

አይጨምርም እያልኩ አይደለም። አብዛኛው ሲልቨር ከእርሳስ፣ ከዚንክ፣ ከመዳብና ከወርቅ ማዕድን ጋር ተጓዳኝ ሆኖ ነው የሚወጣው። ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ምርቱ በአንዴ አይጨምርም። ስለዚህ ሊተኮስ ይችላል። ሲወርድ ግን አይጣል ነው፤ በ2011 ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ በግንቦት መጀመሪያ በአንድ ሳምንት ብቻ ከሩብ በላይ ወረደ። ያ ሳምንት በእሸት መግዣ ወቅት ቢመጣ ምን ይኮናል? የተለቀመ እሸት ሲልቨር እስኪያገግም አይጠብቅም።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ወቅቱ አልቆ፣ የባንክ ብድር ተከፍሎ፣ የተረፈ የራስ ገንዘብ ካለ የራስ ጉዳይ ነው። የወቅት መዞሪያ ገንዘብ ግን አይነካም። የዩኒየን መሪዎች ደግሞ ያዛችሁት የአባላት ገንዘብ ነው፤ በቪዲዮ ወሬ አይወሰንበትም።

የተለየ ሐሳብ ያለው ከታች ይጻፍ፣ እንከራከር። መልካም ገበያ!