ደረጃ አራት ያለፈ የሒሳብ ሠራተኛ ለምን ከዜሮ ይጀምራል?

ባሕር ዳር ውስጥ ቀን በጣና ዳር ሆቴሎች ሒሳብ የሚይዙ፣ ማታ ለአካውንቲንግ ዲግሪ የሚማሩ የደረጃ አራት ምሩቃን አውቃለሁ፡፡ ቀን ዴቢትና ክሬዲት ሲመዘግቡ ውለው፣ ማታ ያንኑ ከሀ ሁ ጀምረው ይማራሉ፤ ይከፍሉበታልም፡፡

ችግሩ ሚዛኑ ሁለት መሆኑ ነው፡፡ የ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናውን ከሥራ ብቃት ጋር ካቆራኘ ወዲህ ሠልጣኙ የሚለካው በሲኦሲ ምዘና ነው፡፡ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሚቆጥረው ኮርስና ክሬዲት ነው፡፡ ስለዚህ ለእነዚህ ምሩቃን የምስክር ወረቀቱ በር ከፈተላቸው እንጂ ኮርስ አልቀነሰላቸውም፡፡

ዩኒቨርሲቲዎች ለጥራት ቢሰጉ አይፈረድባቸውም፡፡ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፡፡ መጨረሻው ላይ ማጣሪያ ካለ፣ መግቢያው ላይ ፈትኖ የሚያውቀውን ኮርስ ማሳለፍ ማንን ይጎዳል? መንግሥት መዝኖ የመሰከረለትን ባለሙያ እንደ ጀማሪ መቁጠር የራስን ምስክርነት አለማመን ነው፡፡