ነገር ከሥሩ፦ የእንግሊዞች የወንጀል ልቦለድ ለምን አላረጀም?

አንድ ቅዳሜ ማታ መጽሐፌን ይዤ ስቀመጥ ባለቤቴ አየችኝና «አንተ ሰው፣ ሬሳ ካልተገኘ እንቅልፍ አይወስድህም ማለት ነው?» አለችኝ። ሳቅሁና ዝም አልኩ። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ የተማርኩትም የምኖረውም በሰው አገር ነው። ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ስታገል ውዬ፣ ማታ የማነበው ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ገጠር ተፈጸመ ስለተባለ ግድያ ነው። ለምን ይሆን?

በዚህ ሱስ የተያዝኩት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ጉዳዩን እናንተ ፊት ባላቀረብኩት። አጋታ ክሪስቲ የሞተችው በ1976 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጻሕፍቷ ከሁለት ቢሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጡ ይገመታል። «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው ቴአትሯ በ1952 ለንደን ውስጥ መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ በኮሮና ጊዜ ከመቋረጡ በስተቀር፣ ከመድረክ አልወረደም። ኬኔት ብራና በ2017፣ በ2022 እና በ2023 ሦስት ልቦለዶቿን ወደ ፊልም መልሷል። ሪቻርድ ኦስማን ደግሞ በ2020 ባወጣው ልቦለድ የጡረተኞች መንደር ውስጥ የሚኖሩ አራት አዛውንቶችን መርማሪ አድርጎ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ሸጠ። ዓለም በእውነተኛ ሬሳ በተጥለቀለቀበት ዘመን፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የውሸት ሬሳ የሚፈልግበት ምክንያት መኖር አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ናፍቆት ነው» የሚል ነው። ጸጥ ያለ መንደር፣ የከሰዓት በኋላ ሻይ፣ ጽጌረዳ የምትኮተኩት ባልቴት፣ ደግ ቄስ። ይህ መልስ ለእንግሊዞቹ ይሠራ ይሆናል፤ ለእኔ ግን አይሠራም። ኖሬበት የማላውቀውን መንደር እንዴት እናፍቃለሁ? እንዲያውም በዚያ ዘመን የእኔ ቢጤ ሰው እዚያ መንደር ቢከሰት ኖሮ፣ ቢገባም በጓሮ በር ነበር። ክሪስቲ በ1939 ያሳተመችው ዝነኛ ልቦለድ በብሪታንያ የወጣው ጥቁሮችን በሚሰድብ ቃል ተሰይሞ ነው። አሜሪካኖች በ1940 ርዕሱን ሲቀይሩት፣ ብሪታንያ ውስጥ ግን ስድቡ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሽፋኑ ላይ ነበር። ስለዚህ የምናነባቸው የዋሆች ሆነን አይደለም።

እኔ እንደሚመስለኝ የመጽሐፎቹ ጉልበት ያለው ከአንባቢው ጋር በገቡት ውል ላይ ነው። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባለ፣ ራሱም የወንጀል ልቦለድ ደራሲ የነበረ የካቶሊክ ቄስ፣ ለሙያው አሥር ትእዛዛት አወጣ። መንፈስና ተአምር መፍትሔ ሆኖ አይመጣም፤ መርማሪው ራሱ ወንጀለኛ አይሆንም፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ለአንባቢው ወዲያው ማሳየት አለበት። በ1930 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የደራስያኑ ክበብ ደግሞ አዲስ አባል ሲቀበል በመሐላ ነበር፤ ነገሩ ግማሽ ቀልድ ቢሆንም ቁም ነገሩ አልጠፋም። ከትእዛዛቱ አንዱ ቻይናዊ ገጸ ባሕርይ እንዳይገባ ይከለክላል። ዛሬ ሲያነቡት የሚጎረብጥ ነው፤ ነገር ግን በጊዜው በርካሽ ልቦለዶች ውስጥ ክፋት በተገኘ ቁጥር ከጀርባው አንድ መሠሪ ቻይናዊ ይቀመጥ ስለነበር፣ በዚያ ልማድ ላይ የተሰነዘረ ሽሙጥ ነው ተብሎ ይተረጎማል። «ወንጀለኛው መጤው ነው» ማለት ስንፍና ነው፣ እንደ ማለት።

ዋናው ነጥቤ ይህ ነው። እነዚህን ልቦለዶች ብዙ ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፖሊስ መጀመሪያ የሚይዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። የሚያዘውም አገልጋዩ፣ ባለ ዕዳው የወንድም ልጅ፣ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቀው እንግዳ ነው። መርማሪው ገዳዩን ከማግኘቱ እኩል የሚሠራው ሥራ፣ ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረውን ሰው ነጻ ማውጣት ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ባለ ርስቱም ገረዲቱም እኩል ይጠየቃሉ፤ ማስረጃው በሰው ሁሉ ፊት ይዘረገፋል። በአውጫጭኝ ያደገ አገር ሰው ይህ ትዕይንት አይጠፋውም። ልዩነቱ፣ በእኛ አውጫጭኝ ጥፋተኛው የሚወጣው በሰው አፍ ነው፤ በነሱ ልቦለድ ግን የሰዓትና የጫማ አሻራ ቃልም ይሰማል።

የክሪስቲ መርማሪ ኤርኩል ፑዋሮ ማን እንደሆነም አንርሳ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሩብ ሚሊዮን ያህል ቤልጂጋውያን ወደ ብሪታንያ ተሰደዱ፤ አንዳንዶቹ ክሪስቲ የምትኖርበት ከተማ ደረሱ። በ1920 በወጣው የመጀመሪያ ልቦለዷ ውስጥ ፑዋሮ ጡረታ የወጣ ፖሊስና በአንዲት ሀብታም ሴት ቸርነት የተጠጋ ስደተኛ ነው። የምትገደለውም ያቺው ባለውለታው ናት። በሌላ ልቦለድ ደግሞ እንግሊዝኛውን ሆን ብሎ እንደሚሰባብር ይናገራል፤ ሰዎች ሲንቁት ይዘናጋሉ፣ ሲዘናጉ እውነቱ ያመልጣቸዋል። ይህን ስታነቡ ፈገግ ያላላችሁ ካላችሁ፣ ስብሰባ ላይ ስለ አነጋገራችሁ «ይቅርታ፣ ምን አልክ?» ተብላችሁ አታውቁም ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ፓምፕ ሌሊት ነደደ። ተረኛው ከሦስት ወር በፊት የተቀጠረ፣ ቋንቋው ያልጠናለት ስደተኛ ነበር። ጠዋት ስብሰባው ሳይጀመር ጥፋተኛው ታውቆ አድሯል። እኔ የሙቀት መዝገቡን አውጥቼ ሳየው፣ ኩሽኔታው መጋል የጀመረው አደጋው ከመድረሱ ሦስት ቀን አስቀድሞ ነው፤ ያን ጊዜ ሰውየው ዕረፍት ላይ ነበር። ፈተን ስናየው በጥገና ወቅት የተቀባው ግራሶ ለዚያ ማሽን የማይሆን ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ነጻ ወጣ። ይቅርታ የጠየቀው ግን አልነበረም፤ ጣት የቀሰሩት ሰዎች ቡናቸውን ይዘው ወደየቢሯቸው ሄዱ። በልቦለድ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጸሐፊው ያሳፍራቸው ነበር።

የልቦለዱ አገር ራሷስ ውሉን ጠብቃለች? ሁለት ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። በ1903 ጆርጅ ኤዳልጂ የተባለ ጠበቃ፣ አባቱ ከሕንድ የመጣ ቄስ፣ በሌሊት ፈረስ ቆራርጠሃል ተብሎ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ሦስቱን ጨርሶ ወጣ። የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሊያገኘው ሲሄድ፣ ሰውየው ጋዜጣ ዓይኑ ላይ ለጥፎ ሲያነብ አየው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው በጨለማ ሜዳ አቋርጦ እንዴት ፈረስ ያሳድዳል? ኮናን ዶይል በ1907 ጉዳዩን በጋዜጣ አጋለጠ፤ ኤዳልጂ ምሕረት አገኘ፣ ካሳ ግን አላገኘም። የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው፤ ለመቋቋሙ ከረዱት ጉዳዮች አንዱ ይኸው የኤዳልጂ ጉዳይ ነበር።

ሁለተኛው የኛ ዘመን ነው። ከ1999 ጀምሮ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ቅርንጫፎች ሆራይዘን በተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት መሥራት ያዙ። ሥርዓቱ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። ከዘጠኝ መቶ በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች፣ ብዙዎቹም የእስያ ስደተኞችና ልጆቻቸው፣ በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። የታሰሩ፣ ቤታቸውን የሸጡ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። «ችግሩ ያንተ ብቻ ነው» ይሏቸው ነበር። ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ስህተት እንደነበረበት የወሰነው በ2019 ነው። ሕዝቡ በሙሉ የተቆጣው ግን በጥር 2024 ታሪኩ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲቀርብ ነው፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፤ መዝገቡ፣ ምስክሩና የፍርድ ቤት ውሳኔው ያላስነሳውን ሕዝብ አንድ ድራማ አስነሳው። ሰዎቹ ዓመታት ሙሉ ሲጮኹ የነበሩት፣ ማንም ሰብስቦ ማስረጃውን በሁሉ ፊት ያልዘረገፈላቸው ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ለባለቤቴ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የምንወደው ሬሳውን አይደለም። የምንወደው፣ በቀላሉ የተጠረጠረ ሰው በቀላሉ የማይፈረድበትን ዓለም ነው። ያ ዓለም እንግሊዝም ውስጥ አልነበረም፤ ሰው የሚያነበው ያጣውን ነውና መጽሐፎቹ አላረጁም።

ለእኛም ትምህርት አለው። በየቡናው ጨዋታና በየስብሰባችን ስለ አገራችን ጉዳይ ስንነጋገር፣ አሥረኛው ገጽ ላይ ወንጀለኛውን ይዘን የምናስር ስንቶቻችን ነን? «ማን እንደሆነ ይታወቃል!» እንላለን፣ ብዙውን ጊዜም ስሙን ወይም የመጣበትን ቀዬ ብቻ አይተን። አባቶቻችን ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ቢያንስ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው እናንብብ።

ቸር እንሰንብት።